ሁለት ቃል ለአንድ ጠብ፦ ስለ ትዳር ግጭት መንስኤዎች ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ስለ ባልና ሚስት ጠብ መንስኤዎች የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ በስፋት ሲዘዋወር ቆይቷል። እኔም ሽምግልና ላይ አብረውኝ የሚቀመጡ ወዳጆች ልከውልኝ አነበብኩት። ስማቸውን ያልገለጹት ጸሐፊ ብዕራቸው የሰላ ነው፤ ለትዳር መጽናት ያላቸው አሳቢነትም የሚጠረጠር አይደለም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ እንደ መመሪያ መታየት ስለጀመረ፣ አንዳንድ ሽማግሌዎችም ባለጉዳዮች ፊት እየጠቀሱት መሆኑን ስለሰማሁ፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠቱ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ የሚከተለው ነው። የአብዛኛው የትዳር ጠብ ሥሩ ገንዘብ ሲሆን ሌላው ሁሉ ከእርሱ የሚወጣ ቅርንጫፍ ነው። ባልና ሚስት ለአንድ ጠብ ሁለት የተለያየ ምክንያት ካቀረቡ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ ሁለቱም የተስማሙበት ምክንያት ግን ያለ ጥርጥር እውነተኛው ነው። ሴቶች ያለፈውን እየቆጠሩ ነገር ስለሚያበዙ፣ ወንዶች ደግሞ ስለ ዕለቱ ጉዳይ ብቻ ስለሚናገሩ፣ የባል ቃል ለእውነት ይቀርባል። ድሮ ሽማግሌዎች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያሉ ጥፋተኛውን ለይተው ስለሚያውቁ ትዳር ይጸና ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ጥፋተኛ መፈለጉን ስለተወ ግን ፍቺ በዛ። በመጨረሻም ጸሐፊው አንድ ምክር ይሰጣሉ፦ ባልና ሚስት የጠባቸውን ምክንያቶች ለየብቻ በወረቀት ይዘርዝሩ፤ ዝርዝሩ የረዘመው ወገን ጠብ ፈላጊው እርሱ ነው።

ከእነዚህ ነጥቦች ውስጥ በከፊል የምስማማባቸው አሉ፤ በየቦታቸው እጠቅሳቸዋለሁ። የማልስማማው በሁሉም ሥር ካለው አንድ ግምት ጋር ነው፤ እርሱም እያንዳንዱ ጠብ አንድ መንስኤ አለው፣ ያንን መንስኤ በትክክል የሚናገረውም ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚለው ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ገንዘብ ቤት ያውካል ቢባል የሚክድ የለም። የቤት ኪራይ በየጊዜው እየጨመረ፣ መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ባንድ ላይ እየተደራረቡ፣ ደመወዝ ወሩን መዝለቅ ባቃተው ቤት ውስጥ ሰው ቢነጫነጭ አይፈረድበትም። ነገር ግን «ገንዘብ ያጣላል» ማለትና «የአብዛኛው ጠብ ሥር ገንዘብ ነው» ማለት የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው እውነት መሆኑ ሁለተኛውን አያረጋግጥም። ሎረን ፓፕ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ በቀጥታ ፈትኖታል። በጥናቱ 100 ባሎችና 100 ሚስቶች ለ15 ቀናት ቤታቸው ውስጥ የተነሣውን አለመግባባት ሁሉ እየተከታተሉ ለየብቻ በማስታወሻ መዘገቡ። በባሎቹም በሚስቶቹም መዝገብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ተደጋግሞ የተነሣው ርእስ ልጆች ነበሩ እንጂ ገንዘብ አልነበረም። በሌላ በኩል ይኸው ጥናት ለጸሐፊው የሚያግዝ ነገርም አለው፦ በገንዘብ ላይ የተነሡ ጠቦች ከሌሎቹ ይልቅ የከረሩ፣ ተመልሰው የሚመጡና መፍትሔ ሳያገኙ የሚያድሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ ያውም ባልና ሚስቱ ለመፍታት የበለጠ እየጣሩ። ስለዚህ ጸሐፊው «ገንዘብ ከባዱ ጠብ ነው» ብለው ቢሆን ኖሮ የምለው ባልነበረኝ።

ይህ ጥናት የተካሄደው በአሜሪካ ቤተሰቦች ላይ ስለሆነ ውጤቱ እንዳለ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ሐዋሳ ይዛወር አልልም። የሚያስተምረን የአጠያየቁ መንገድ ነው። ሰውን በሌላ ጊዜ ጠርተው «በምን ትጣላላችሁ?» ቢሉት የሚመጣለት ትልቁና ያልሻረው ጠብ ነው፤ በየዕለቱ እንዲመዘግብ ቢያደርጉት ግን ልጁን ማን ያስጠናው፣ ማን ቀድሞ ይነሣ፣ ማን ሳህኑን ሳያጥብ ተኛ የሚለው ሁሉ ይወጣል። ከሚታወሰው ይልቅ የሚረሳው ይበዛል፤ የቤቱ ውሎ ግን በአመዛኙ ያ የሚረሳው ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ የሚጨመር ነገር አለ። ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ምክንያት ሁሉ ተመርጦ የሚቀርብ ነው። ሚስት አማቷን የሚያህሉ ሦስት አዛውንት ተቀምጠው እያዩዋት ስለ መኝታ ቤት ጉዳይ አትናገርም፤ ባልም ሚስቱ ከእርሱ የተሻለ ደመወዝ ማግኘት ከጀመረች ወዲህ ሆዱ እንደሻከረ አይናገርም። «የአስቤዛ ብር አይሰጠኝም» ወይም «ብሩን የት እንደምታደርሰው አላውቅም» ማለት ግን አያሳፍርም፤ ገመናም አያወጣም። በሽማግሌዎች ዘንድ ገንዘብ ይህን ያህል ተደጋግሞ የሚሰማው በከፊል ለመናገር የሚመች ምክንያት ስለሆነ ነው። ጸሐፊው «በሽምግልና ከሰማኋቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ የገንዘብ ናቸው» ማለታቸውን አምናቸዋለሁ፤ የሰሙት ግን ሰዎቹ ሊያሰሙ የፈለጉትን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ባል ለእናቱ ገንዘብ ልኮ ለሚስቱ አልነገራትም እንበል፤ ሚስትም ባሏ የማያውቀው እቁብ ትጥላለች። ሁለቱ ሲደራረሱ ጠብ ቢነሣ ሽማግሌው መዝገቡ ላይ «ገንዘብ» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን የሁለቱም ደመወዝ በእጥፍ ቢያድግ ይህ ጠብ ይቀር ነበር? እንደ እኔ አስተያየት አይቀርም፤ የሚላከውም የሚጣለውም ከፍ ይል ነበር እንጂ መደባበቁ ባለበት ይቀጥል ነበር። «ብሩ ቢኖር ኖሮ ጠቡ ይቀር ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ቀላል መፈተኛ ነው፤ ጽሑፉ «የገንዘብ» ብሎ ከዘረዘራቸው ምሳሌዎች ውስጥ ይህን ፈተና የሚያልፉት ጥቂቶቹ ናቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ጎጂ ሆኖ ያገኘሁት እርሱን ነው። ሁለቱ የተለያየ ምክንያት ከሰጡ አንዱ ይዋሻል ይላል። አንድ ሽምግልና ላይ የሰማሁትን፣ ባለጉዳዮቹ እንዳይታወቁ አንዳንዱን ለውጬ፣ ላቅርብ። ባል «የተጣላነው ወንድሜ ቤት እንዳያርፍ ስለከለከለችኝ ነው» አለ። ሚስት ደግሞ «ወንድሙን አልከለከልኩም፤ የተጣላነው እኔን ከሰው ስለማይቆጥረኝ ነው» አለች። በጽሑፉ መመዘኛ ብንሄድ ከሁለቱ አንዱ ሐሰተኛ ነው። ነገሩ ሲዘረዘር ግን የሆነው እንዲህ ነበር። ወንድምየው ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥቶ ለጥቂት ወራት ሊቀመጥ ነው። ባል ይህን ለሚስቱ ሳይነግር፣ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሠራተኛዋን ሳሎን ውስጥ ፍራሽ እንድታዘጋጅ አዘዛት። ሚስት ማታ ከሥራ ስትገባ ፍራሹን ከቡፌው አጠገብ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አገኘችው፤ ምን እንደሆነ ስትጠይቅም መልሱን ከሠራተኛዋ ሰማች። ባልየው ሲገባ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር «ይህ ፍራሽ ከዚህ ይነሣ» የሚል ነበር፤ በዚህ ሁለቱም አይካካዱም። እርሱ የሰማው ወንድሙ ሲባረር ነው። እርሷ የተናገረችው ግን የገዛ ቤቷን ጉዳይ ከሠራተኛዋ አፍ መስማቷን ነው።

ሁለቱም አልዋሹም። ባል የነገረን ጠቡ ስለ ምን እንደነበረ ነው፤ ሚስት የነገረችን ጠቡን ጠብ ያደረገው ምን እንደነበረ ነው። መጠይቅ ቢሞሉ እርሱ «የዘመድ ጉዳይ» በሚለው ላይ፣ እርሷ «አለመመካከር» በሚለው ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር፤ አጥኚውም የአንድ ምሽትን ክስተት በሁለት ሰንጠረዥ ይቆጥረው ነበር። የጽሑፉን ምክር የሚከተል ሽማግሌ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ «ከልክላለች ወይስ አልከለከለችም?» እያለ ምስክር ሲያፈላልግ ይውልና አንዱን ይረታ ነበር፤ ጠቡ ግን በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ፣ ምናልባት በመኪና ሽያጭ ወይም በገጠር መሬት፣ ተመልሶ ይመጣ ነበር። የቃላቸውን ልዩነት እንደ ሐሰት ማስረጃ ከማየት ይልቅ እንደ መረጃ ያየነው እንደሆነ ግን ጥያቄው ራሱ ይለወጣል፤ ወንድምየው ይቀመጥ አይቀመጥ የሚለው ቀላሉ ክፍል ሆኖ ይገኛል። በዚያ ጉዳይም የሆነው ይኸው ነው፤ ወንድምየው መጥቶ ተቀመጠ፤ ሲመጣም የተቀበለችው እርሷ ነበረች።

ይህ የእኔ አንድ ምሳሌ ብቻ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ኒል ጃኮብሰንና ዳኒ ሙር እ.ኤ.አ. በ1981 ባልና ሚስት በአንድ ቀን ውስጥ በመካከላቸው የተከናወኑ ነገሮችን ከተዘጋጀ ዝርዝር ላይ ለየብቻ ምልክት እንዲያደርጉ አድርገው አመሳክረዋል። ስለ ጠብ መንስኤ አይደለም የተጠየቁት፤ ይህ ነገር ሆኗል ወይስ አልሆነም የሚል ቀላል ጥያቄ ነው። የተስማሙት ከግማሽ ባነሰው ላይ ነበር። ሊዋሹ የሚያስገድዳቸው ነገር ያልነበራቸው ሰዎች በአንድ ቀን ውሎ ላይ እንዲህ ከተለያዩ፣ በተቆጡበት ምሽት ላይ ባይስማሙ ምን ይደንቃል?

እዚህ ላይ ግን አንድ ገደብ ማስቀመጥ አለብኝ፤ ካላስቀመጥኩ ክርክሬ አላግባብ ይለጠጣል። ውሸት የለም አላልኩም። «ደጅ አመሸሁ እንጂ አልጠጣሁም» የሚል ባል አለ፤ ያልተከፈለ ብድርን የምትደብቅ ሚስትም አለች። በተለይ አንዷ «መታኝ» ስትል ሌላው «አልነካኋትም» ካለ፣ ይህ የአተያይ ልዩነት ነው ብሎ ማለፍ ግፍ ነው፤ ተመትታለች ወይም አልተመታችም፤ መሐል ላይ የሚገኝ እውነት የለም። የሽማግሌ ችሎታ የሚፈተነው የትኛው ልዩነት የድርጊት፣ የትኛው ደግሞ የትርጓሜ እንደሆነ በመለየቱ ላይ ነው። የጽሑፉ ስሕተት ሁሉንም ልዩነት እንደ መጀመሪያው መቁጠሩ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የባል ቃል ለእውነት ይቀርባል የሚለው ነው። ጸሐፊው ያዩት ነገር የለም አልልም፤ ብዙ ጊዜ ሚስት ስትናገር ታሪኩ ከሩቅ ይጀምራል፣ የባል ግን ከትናንት ማታ ይጀምራል። ይህን ልዩነት ከጾታ የሚመነጭ ባሕርይ አድርገው ማየታቸው ግን አያስኬድም። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሰዎችን ሁለት ታሪክ እንዲጽፉ ጠየቋቸው፤ አንዱ ሌላ ሰው እነርሱን ያስቆጣበት፣ ሌላው እነርሱ ሌላውን ያስቆጡበት። የተበደሉበትን ሲጽፉ ታሪኩ ረዥም፣ ተደጋጋሚ በደል የተጠራቀመበት፣ ጉዳቱም እስከ ዛሬ የዘለቀ ሆኖ ተገኘ። የበደሉበትን ሲጽፉ ደግሞ አንድ ጊዜ የሆነ፣ ምክንያት የነበረው፣ አሁን ያበቃ ነገር አድርገው ጻፉት። ሁለቱንም የጻፉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ታሪኩን የሚያስረዝመው ሴትነት ሳይሆን በዚያ ጉዳይ የተበዳዩን ወንበር መያዝ ነው። ሽምግልናው በአብዛኛው በሚስት ክስ የሚጠራ ከሆነ፣ ረዥሙ ታሪክ ከሚስት በኩል መምጣቱ የሚጠበቅ ነው። ተከሳሽ ነገሩን ያሳጥራል። ባል ከሳሽ ሆኖ በመጣበት ጊዜ፣ ለምሳሌ የሚስት ቤተሰብ ንቀውኛል ብሎ ሲነሣ፣ ከሠርጉ ዕለት ድንኳን ጀምሮ ሲቆጥር ሰምቼ አውቃለሁ።

ጸሐፊው «ሴቷ ትጎተጉታለች፣ ወንዱ ዝም ይላል» የሚሉትም በዚሁ መንገድ የሚታይ ነው። አንድሩ ክሪስተንሰንና ክሪስቶፈር ሄቪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባደረጉት ጥናት ባልና ሚስቶች ሁለት ጊዜ እንዲወያዩ አደረጉ፤ አንድ ጊዜ ሚስት እንዲለወጥ በምትፈልገው ነገር ላይ፣ አንድ ጊዜ ባል እንዲለወጥ በሚፈልገው ላይ። በሚስት ጉዳይ ላይ ሲወያዩ የተባለው ታየ፤ እርሷ ጠየቀች፣ እርሱ ሸሸ። በባል ጉዳይ ላይ ሲወያዩ ግን በሁለቱ መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ዝምታ የሚመቸው ነገሩ ባለበት እንዲቀጥል ለሚፈልግ ነው፤ ምንም እንዲለወጥ የማይፈልግ ሰው ብዙ መናገር አያስፈልገውም።

ደግሞም የባል ቃል የተሻለ ማስረጃ ነው የሚለውን በቀጥታ የሚፈትን ጥናት አለ። ፖል አማቶና ዴኒዝ ፕሬቪቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የተፋቱ አሜሪካውያንን ትዳራችሁ ለምን ፈረሰ ብለው የጠየቁበትን መረጃ አሳትመዋል። «ምክንያቱን አላውቀውም» ያሉት በብዛት የቀድሞ ባሎች ናቸው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ቃል ለእውነት የሚቀርበው እንዴት ነው? የሚስቶቹ መልስ ከአድልዎ የጸዳ ነው ለማለት አይደለም፤ በዚያው ጥናት ወንዱም ሴቷም ጥፋቱን ከራሳቸው ይልቅ ወደ ሌላው ማሸጋገር ይቀናቸው ነበር። በነገራችን ላይ ምሁራኑም በአንድ ወቅት ከጸሐፊው ተቃራኒ የሆነ ስሕተት ሠርተዋል፤ ስለ ቤተሰብ የሚያጠኑት ሚስቶችን ብቻ እየጠየቁ ነበር። ኮንስታንቲና ሳፊሊዮስ ሮትስቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1969 በአቴንስና በዲትሮይት የባሎችና የሚስቶችን መልስ አነጻጽራ፣ ይህ የቤተሰብ ጥናት ሳይሆን የሚስቶች ቤተሰብ ጥናት ነው ብላ የተቸችው ለዚህ ነው። ከሁለት ቃል አንዱን መጣል፣ የትኛውም ይጣል፣ ግማሹን ቤት አለማየት ነው።

ሁለቱ የተስማሙበት ምክንያት ያለ ጥርጥር እውነት ነው የሚለው ላይ ላዩን ሲታይ የሚያከራክር አይመስልም። እኔም በብዙ ጉዳይ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳይቷል። ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል ወይም አብራው መተኛትን እምቢ ብትል ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 28 በመቶ ነበሩ። አንባቢ ቁጥሮቹ የተገለበጡ ይመስለው ይሆናል፤ አልተገለበጡም። ወንዶቹ ለጠያቂ የሚመች መልስ ሰጥተው ሊሆን ይችላል፤ ሴቶቹ ደግሞ ከልጅነታቸው ሲነገራቸው የኖረውን ደግመው ሊሆን ይችላል። የሆነ ሆኖ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወጡ አርሮ ነበር» የምትል ሚስትና «አዎ፣ ወጡ አርሮ ነበር» የሚል ባል ፍጹም ሊስማሙ ይችላሉ። ሽማግሌው «ሁለቱም ተስማምተዋል» ብሎ ወጡን እንደ መንስኤ ቢመዘግብ ከዋናው ነገር አልፎ ሄዷል። መስማማት የእውነት ምልክት የሚሆነው ሁለቱም ያለ ፍርሃት መናገር በሚችሉበት ቦታ ነው። በዚያው ጥናት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የሚጠየቀው ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ተመርጣ፣ ለብቻዋ፣ ማንም በማይሰማበት ቦታ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብልኆቹ ሽማግሌዎቻችንም ቀድሞ ባልና ሚስትን ለየብቻ ያነጋግሩ የነበረው ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ወደ ሕጉ እንለፍ። ድሮ ትዳር ይጸና ነበር የሚለውን ብዙ ሰው ሳይመረምር ስለሚደጋግመው ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። ነገር ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስትን ለእርሱ እንድትታዘዝ ያዘዘ፣ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች የሰጠ፣ እንደ ዝሙትና ቤት ጥሎ መጥፋት ያሉትን «ከባድ ምክንያት» ብሎ የለየ፣ ጥፋተኛ የተባለውንም በንብረት ክፍፍል ላይ ሊጎዳ የሚችል ሕግ ነበር። ጸሐፊው የሚናፍቁት ሥርዓት ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ሥር ፍቺ ጥቂት ነበርን? እ.ኤ.አ. በ1990 በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ላይ ተመሥርተው ዳና ቲልሰንና ኡላ ላርሰን ባሳተሙት ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች ውስጥ 45 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ ያበቃሉ፤ ከሚፋቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛው የሚፋቱት ጋብቻው አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው። መረጃው የተሰበሰበው አዲሱ ሕግ ከመውጣቱ አሥር ዓመት በፊት ነው። በጥናቱ ጎልተው የወጡት ያለ ዕድሜ መዳርና ልጅ አለመውለድ ናቸው። አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላት የተዳረች ልጅ አምልጣ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ፣ ጥፋተኛ የሚፈልጉ ሽማግሌዎች ማንን ያገኛሉ? ይህን ጉዳይ የሚነካው ሕግ ጸሐፊው የሚነቅፉት ነው፤ የጋብቻ ዕድሜን ለሴቷም ለወንዱም 18 ያደረገው እርሱ ነው።

የ1992ቱ ሕግ ሽማግሌን አባረረ የሚለውም ልክ አይደለም። የፍቺን ውሳኔ ለፍርድ ቤት ሰጠ እንጂ፣ ባልና ሚስት ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲነጋገሩ ፍርድ ቤቱ ሊመራቸው እንደሚችል፣ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣቸው እንደሚችል ይደነግጋል። ጥፋትንም ጨርሶ አልረሳም፤ ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ ጥፋተኛው ወገን ለሌላው ካሳ እንዲከፍል ሊወሰን ይችላል። የተወው ነገር ቢኖር ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን የመለያየት መግቢያ በር ማድረግን ነው። ያም በር ባለበት ጊዜ ባልና ሚስት ምን ይናገሩ እንደነበር መገመት አያስቸግርም፤ ንብረት የሚያስገኝ ምክንያት ይናገሩ ነበር። ጸሐፊው ውሸትን የሚጠሉ ከሆነ፣ ምክንያት ያሸልም የነበረውን ሥርዓት ሊናፍቁት አይገባም። የማሰቢያው ጊዜ እርዳታ ከሌለበት በከንቱ ሊያልፍ እንደሚችል ግን አምናለሁ፤ ጸሐፊው በዚህ ላይ ያነሡትን ቅሬታ እኔም እጋራለሁ።

የቀረው የዝርዝሩ ምክር ነው። ለየብቻ መጻፍ የሚለውን ወድጄዋለሁ፤ ከጽሑፉ ሁሉ ጠቃሚው ሐሳብ ይመስለኛል። የተበላሸው መለኪያው ነው። ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ እ.ኤ.አ. በ1979 በካናዳ 37 ባልና ሚስቶችን ስለ 20 የቤት ጉዳዮች፣ እያንዳንዳቸው ምን ያህሉን ድርሻ እንደሚወስዱ ለየብቻ ጠይቀዋል። የሁለቱ ድርሻ ሲደመር በአብዛኞቹ ጉዳዮች ከመቶ በላይ ሆነ፤ እያንዳንዱም ከሌላው ይልቅ የራሱን ሥራ የሚያሳይ ምሳሌ በብዛት አስታወሰ። ሰው በእጁ ያለፈውን ያስታውሳል፤ በደል ሲጽፍም በእርሱ ላይ የደረሰውን ያስታውሳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ከልጅና ከጓዳ ጋር የምትውለው ሚስት የምትጽፈው ቢበዛ፣ በብዙ ቦታ ስለምትጋጭ እንጂ ጠብ ስለምትወድ ላይሆን ይችላል። አጭር ዝርዝርም የሰላማዊነት ማስረጃ አይደለም። «ምንም የለኝም» ብሎ ባዶ ወረቀት የሚመልስ ሰው ሽማግሌን የሚያሳስበው አንዳንዴ ረዥሙን ከጻፈው ይልቅ ነው፤ ይለወጣል ብሎ የማይጠብቀውን ነገር የሚጽፍ የለምና።

ዝርዝሩን እንጠቀምበት ከተባለ ሦስት ነገር መሻሻል አለበት። ከወራት በኋላ ተሰብስቦ ሳይሆን በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይጻፍ። «ምክንያቱ ምንድን ነው?» በሚለው ፈንታ «ምን ሆነ? ከዚያስ ምን ተባለ?» ተብሎ ይጠየቅ። ሽማግሌውም ሁለቱን ወረቀቶች ርዝመታቸውን ሊያነጻጽር ሳይሆን አንዱ ምሽት በሁለት የተለያየ ርእስ ሥር የተጻፈበትን ቦታ ሊፈልግ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው፤ የፍራሹን ምሽት የመሰለ ነገር የሚገኘው እዚያ ነውና ጥያቄውን ከዚያ ይጀምር።

ጽሑፉን ወደ ሌሎች የሚያስተላልፉ ወዳጆቼን የምለምነው ይህን ነው፦ ስለ ገንዘብ የተባለውን «ከባዱ ጠብ» በሚል አስተካክለው፣ የዝርዝሩን ምክር ያለ መለኪያው ወስደው፣ ስለ ባል ቃል ተአማኒነት የተጻፈውን አንቀጽ ግን ቆርጠው ይላኩት። ጸሐፊው መልስ ቢጽፉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ቀድመው እንዲመልሱልኝ እሻለሁ፤ በሽምግልና ሰማኋቸው ካሏቸው ጉዳዮች ውስጥ ስንቱን ሚስትን ለብቻዋ፣ ስንቱን ደግሞ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ነው የሰሙት?